ከእርሳስ ወደ ብረት፦ የሾትጋን ጥይት ክፍሎች እንዴት ይመረጣሉ?

አንድ አዳኝ በሐይቅ ዳር ቆሞ በምትበር ዳክዬ ላይ ሲተኩስ ከጠመንጃው የሚወጣው አንድ አረር ሳይሆን ከመቶ የሚበልጡ ጥቃቅን እንክብሎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ወፏን የሚያገኟት ጥቂቶች ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ውሃው ውስጥ ሰጥመው በሐይቁ ወለል ጭቃ ላይ ያርፋሉ። እንክብሎቹ ከእርሳስ የተሠሩ ከሆኑ ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ከዓመት በኋላ ሌላ ዳክዬ ጠጠር መስሏት ልትውጣቸው ትችላለች።

እንዲህ ዓይነቱን ጥይት የሚተኩሰው ጠመንጃ ሾትጋን ይባላል። በአሜሪካ በርካታ የሾትጋን ተኳሾች፣ በተለይም በአየር ላይ የሚወነጨፍ የሸክላ ዒላማ በመምታት የሚወዳደሩት፣ የተኮሱበትን ቀልሃ ሳይጥሉ በቤታቸው መልሰው ይሞሉታል። ቀልሃው ብዙ ጊዜ ሊያገለግል ስለሚችል ወጪ ይቆጥባሉ፤ ለሚፈልጉት ዓላማ የሚስማማ ጥይትም ያገኛሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም የጥይቱን ክፍሎች በምን መመዘኛ ይምረጥ የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥይት መሙላትን ማስተማር አይደለም። በአገራችን የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ የሚተዳደረው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን ያለ ፈቃድ የሚሞከር ነገር አይደለም። ዓላማችን በትምህርት ቤት የተማርናቸው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሕጎች፣ እፍጋት፣ ግፊት፣ የቃጠሎ ፍጥነትና የአየር ተቃውሞ፣ በአንዲት ከጣት ብዙም በማትበልጥ ዕቃ ውስጥ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ማሳየት ነው። እንደምናየው ማንኛውም ክፍል ለብቻው ጥሩ ወይም መጥፎ ሊባል አይችልም። አንዱን የለወጠ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ሁሉንም ለውጧል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ሌሎች ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምስቱ ክፍሎች

የሾትጋን ጥይት አምስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ሌሎቹን የሚይዘው ቀልሃ ነው። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን ግርጌው በብረት ቆብ የተሸፈነ ነው። ሁለተኛው በግርጌው መካከል የሚገኘው ማቀጣጠያ ሲሆን የጠመንጃው መርፌ ሲመታው ብልጭታ ይፈጥራል። ሦስተኛው በብልጭታው የሚቀጣጠለው ባሩድ ነው። አራተኛው በባሩዱና በእንክብሎቹ መካከል የሚገባው ውታፍ ነው። ውታፉ ጋዙ ወደ ፊት እንዳያመልጥ ይዘጋል፤ እንክብሎቹንም እንደ ጽዋ አቅፎ በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ያሳልፋቸዋል። ቀድሞ ከካርቶንና ከተጠቀጠቀ ሱፍ ይሠራ የነበረው ይህ ክፍል ከ1960ዎቹ ወዲህ በአብዛኛው በፕላስቲክ ተተክቷል። አምስተኛው ክፍል እንክብሎቹ ናቸው። በመጨረሻም የቀልሃው አፍ በስድስት ወይም በስምንት እጥፋት ታጥፎ ይዘጋል።

የጠመንጃው ቱቦ ስፋት የሚለካው ጌጅ በሚባል የቆየ መለኪያ ነው። 12 ጌጅ ማለት ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም እርሳስ፣ እኩል 12 ድቡልቡሎች ቢሠሩ የአንዱ ዲያሜትር ከቱቦው ስፋት ጋር ይተካከላል ማለት ነው። አንባቢ ይህን በቀላሉ ሊያረጋግጠው ይችላል። 454 ለ12 ሲካፈል 37.8 ግራም ይሆናል። የእርሳስ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.34 ግራም በመሆኑ የድቡልቡሉ ይዘት 3.34 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ የሚገኘው ዲያሜትር 18.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በእርግጥም የ12 ጌጅ ቱቦ ስፋት ይኸው ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ቱቦው የሚጠበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእንክብሎቹ ቁጥርም እንዲሁ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። በአሜሪካ አሠራር ለወፍ አደንና ለሸክላ ዒላማ የሚውሉ እንክብሎችን ዲያሜትር ለማግኘት ከ17 ላይ የእንክብሉን ቁጥር እንቀንሳለን፤ ውጤቱ በኢንች መቶኛ ይነበባል። ስለዚህ 4 ቁጥር እንክብል 0.13 ኢንች ወይም 3.3 ሚሊ ሜትር፣ 9 ቁጥር ደግሞ 0.08 ኢንች ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ባሩዱ፦ ራሱን የሚያፋጥን ቃጠሎ

ዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ በ1884 ለጠመንጃ የሚሆን ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። የቃጠሎ ፍጥነት ከግፊት ጋር ያለውን ግንኙነት የሚገልጸው ሕግም በእርሱ ስም ይጠራል። ሕጉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ባሩድ በዙሪያው ያለው ግፊት በጨመረ ቁጥር በፍጥነት ይነዳል።

ይህ ከተራ እሳት የሚለይበት ጠባይ ነው። ባሩድ በገላጣ ቦታ ሲቀጣጠል ቦግ ብሎ ይነድዳል እንጂ ጠመንጃ ውስጥ የሚያሳየውን ኃይል አያሳይም። በተዘጋ ቦታ ሲሆን ግን ቃጠሎው ጋዝ ይፈጥራል፣ ጋዙ ግፊትን ይጨምራል፣ ግፊቱ ደግሞ ቃጠሎውን ያፋጥነዋል። ይህን ዑደት የሚገታው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እንክብሎቹና ውታፉ ወደ ፊት በመንቀሳቀስ ለጋዙ የሚለቁለት ቦታ ነው። በመሆኑም በጠመንጃው ውስጥ ሁለት ነገሮች ይሽቀዳደማሉ፦ የጋዝ መፈጠርና የቦታ መስፋት። ሁለተኛው ከዘገየ ግፊቱ ከልክ ያልፋል።

ለመደበኛው የ12 ጌጅ ጥይት በአሜሪካ የተወሰነው ከፍተኛ አማካይ ግፊት በካሬ ኢንች 11,500 ፓውንድ፣ ማለትም 79 ሜጋ ፓስካል ያህል ነው። ይህ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት 780 ጊዜ ገደማ ይበልጣል።

ከዚህ የምንረዳው ባሩድ የሚመረጠው "ኃይለኛ" ስለሆነ ሳይሆን ፍጥነቱ ከሚገፋው ክብደት ጋር ስለሚጣጣም መሆኑን ነው። ቀላል ጭነት በቶሎ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ፈጣን ባሩድ ይስማማዋል። ከባድ ጭነት ዘግይቶ ስለሚንቀሳቀስ ዘገምተኛ ባሩድ ይፈልጋል። የባሩዱን ፍጥነት የሚወስኑት የቅንጣቶቹ መጠንና ቅርጽ እንዲሁም በላያቸው የሚቀባው አዘግዪ ንጥረ ነገር ናቸው። ሁለት ባሩዶች በዓይን ቢመሳሰሉም በፍጥነት እጅግ ሊለያዩ ስለሚችሉ በመልክ ለይቶ መምረጥ ፈጽሞ አይቻልም።

ሌሎቹ ክፍሎችም በዚሁ ሽቅድምድም ውስጥ ገብተዋል። ጠንካራ ብልጭታ ያለው ማቀጣጠያ ቃጠሎውን በብርታት ያስጀምራል። የውስጥ ይዘቱ ጠባብ የሆነ ቀልሃ ግፊቱን ቀድሞ ያሳድገዋል። ጋዝን አጥብቆ የሚዘጋ ውታፍም፣ ጠልቆ የታጠፈ የቀልሃ አፍም እንዲሁ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ለውጥ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ራሱን በሚያፋጥን ሂደት ውስጥ ትንሽ ጅማሬ ትልቅ ፍጻሜ ሊኖረው ይችላል።

እርሳስ ለምን ተመረጠ?

እርሳስ ለዘመናት የእንክብል ማዕድን ሆኖ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ከባድ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። በ1782 የብሪስቶሉ ዊልያም ዋትስ ያገኘው ዘዴ ደግሞ ሥራውን እጅግ አቀለለው። የቀለጠው እርሳስ ከከፍታ ላይ በወንፊት ቀዳዳዎች እንዲንጠባጠብ ይደረጋል። ጠብታው በአየር ላይ ሲወድቅ የገጽ ውጥረት ወደ ድቡልቡልነት ይቀይረዋል፤ ከታች በተቀመጠው ውሃ ውስጥ ወድቆ ቅርጹን እንደያዘ ይጠነክራል። ከአንድ ዓይነት ይዘት መካከል ትንሹን ገጽ የያዘው ቅርጽ ድቡልቡል መሆኑን ለሚያስታውስ ተማሪ ይህ የጂኦሜትሪ ሕግ ፋብሪካ ሆኖ ሲሠራ ማየት ነው።

የእርሳስ ልስላሴ ግን ሁለት ገጽታ አለው። አንድ ጭነት በ70 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ ከዜሮ ተነሥቶ በሰከንድ 366 ሜትር ፍጥነት ላይ ይደርሳል እንበል። የፍጥነቱ ጭማሪ በአማካይ ከመሬት ስበት 9,700 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በዚያ ቅጽበት 0.21 ግራም የሚመዝን እንክብል 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ያህል ይሆናል፤ ከታች ያሉት ደግሞ የላይኞቹን ጭምር ይሸከማሉ። ስለዚህ ለስላሳ እንክብሎች ይጨፈለቃሉ። የተጨፈለቀ እንክብል የአየር ተቃውሞ ከመንገዱ ያስወጣዋል። ይህን ለመቀነስ ጥቂት አንቲመኒ በመጨመር እርሳሱ እንዲጠነክር ይደረጋል። በሌላ በኩል ያው ልስላሴ ለጠመንጃው ይበጃል፤ እርሳስ የቱቦውን ብረት አይፍቅም፣ ግፊቱ ሲነሣም ትንሽ በመጨፍለቅ ድንጋጤውን ያበርዳል።

የእርሳስ ዋጋ

ወፎች ጥርስ የላቸውም። በምትኩ ጠጠር ውጠው በጡንቻማ ጨጓራቸው ውስጥ እህልን ይፈጩበታል። ዳክዬ ከሐይቅ ወለል የለቀመችው የእርሳስ እንክብል እዚያው ጨጓራ ውስጥ ይገባል። በአሲድና በመፈጨት ኃይል እየሟሟ ወደ ደም ይዘልቃል። እርሳስ በሰውነት ውስጥ ካልሲየምን መስሎ የነርቭንና የጡንቻን ሥራ ያውካል፤ የደም ቀይ ሕዋሳት የሚያስፈልጋቸው ሄም እንዳይሠራም ኢንዛይሞችን ያግዳል። ወፏ ትከሳለች፣ ክንፏ ይዝላል፣ በመጨረሻም ትሞታለች። ይህን ለማድረስ ጥቂት እንክብሎች ይበቃሉ። የታመመችውን ዳክዬ የሚበላ ንስርም ከመርዙ ይካፈላል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍራንክ ቤልሮዝ በ1959 ባሳተመው ጥናት ከሰሜን አሜሪካ የውሃ ወፎች ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት በየዓመቱ በእርሳስ መመረዝ እንደሚሞቱ ገመተ። ከረጅም ክርክር በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ከ1987 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሄዶ በ1991 ለውሃ ወፎች አደን የእርሳስ እንክብልን በመላ አገሪቱ ከለከለ። በ2000 የታተመ ጥናት በሚሲሲፒ የወፎች መስመር ማላርድ በሚባሉት ዳክዬዎች ላይ በእርሳስ የሚደርሰው ሞት በ64 በመቶ መቀነሱን ገመተ። ዴንማርክ በ1996 የእርሳስ እንክብልን ሙሉ በሙሉ ስትከለክል የአውሮፓ ኅብረት በረግረጋማ ሥፍራዎች መጠቀምን የሚያግደው ሕግ ከየካቲት 2023 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል።

ጉዳዩ ከአገራችን የራቀ አይደለም። በአውሮፓና በእስያ ክረምት ሲገባ ከሚሰደዱት የውሃ ወፎች ብዙዎቹ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይመጣሉ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የአፍሪካና የዩራሲያ ተሰዳጅ የውሃ ወፎች ስምምነትም በረግረጋማ ሥፍራዎች የእርሳስ እንክብል እንዲቀር ይጠይቃል። በሰሜን የተዋጠ እንክብል በዝዋይ ዳርቻ የምናያትን ወፍ ያሳጣናል።

አንዱ ሲለወጥ

እንግዲህ ጥይቱን በቤቱ የሚሞላው ሰው በእርሳስ ፋንታ ብረት ሊያደርግ ወሰነ እንበል። በገበያ "ስቲል" ተብሎ የሚጠራው ይህ እንክብል በእርግጥ ለስላሳ የብረት ዓይነት ነው፤ ሆኖም ከእርሳስ እጅግ ይጠነክራል። እንክብሉን ብቻ ለውጦ ሌላውን እንዳለ መተው ይችላል? ስሌቱ ይመልስልናል።

የብረት እፍጋት 7.86 ነው። ስለዚህ 4 ቁጥር የእርሳስ እንክብል 0.21 ግራም ሲመዝን ያው 4 ቁጥር በብረት 0.15 ግራም ብቻ ነው። ክብደቱን ለማካካስ ሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ 3.8 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለውን 2 ቁጥር ቢመርጥ 0.23 ግራም ያገኛል። አዳኞች "ለብረት ሁለት ቁጥር ጨምር" የሚሉት ልማዳዊ ደንብ መሠረቱ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ደንቡ ሁሉንም ነገር አያካክስም። አየር የእንክብልን ፍጥነት የሚቀንስበት መጠን ከእፍጋቱና ከዲያሜትሩ ብዜት ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ለ4 ቁጥር እርሳስ ብዜቱ 37.4 ሲሆን ለ2 ቁጥር ብረት 29.9 ነው። በመሆኑም ሁለቱ እንክብሎች በክብደት ቢቀራረቡም በእኩል ፍጥነት ሲበሩ ብረቱ ፍጥነቱን በ25 በመቶ ያህል በበለጠ ያጣል። የብረት ጥይቶች ብዙ ጊዜ በበለጠ ፍጥነት እንዲወጡ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥሩ አዳኝም ርቀቱን ያሳጥራል።

ቀጣዩ ችግር ቦታ ነው። እኩል ክብደት ያለው ብረት ከእርሳስ 1.44 እጥፍ ይዘት ይወስዳል። ለእርሳስ የተሠራው ውታፍ ጽዋው አይበቃም። በተጨማሪም ብረት ቱቦውን ስለሚፍቅ ውታፉ ግድግዳው ወፍራምና ጠንካራ መሆን አለበት። ብረት ስለማይጨፈለቅ ግፊቱ ሲነሣ የሚያበርደው ነገር የለም፤ ስለዚህ ለእርሳስ የተመረጠው ባሩድ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ለብረት ተብሎ የተፈተነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘገምተኛ፣ ባሩድ ያስፈልጋል። የጠመንጃው አፈሙዝ ጠበብ የሚልበት ቾክ የሚባለው ክፍልም ጉዳይ አለው፤ እርሳስ በጣም በጠበበ ቾክ ተጨፍልቆ ሲያልፍ ብረት ግን አፈሙዙን ሊያሳብጠው ይችላል። ለብረት ያልተሠራ አሮጌ ጠመንጃ ጭራሹን አይሆነውም። እነሆ፣ አንድ እንክብል በመለወጡ ውታፉ፣ ባሩዱ፣ ምናልባትም ቀልሃውና ጠመንጃው ራሱ ተለወጡ።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። ቢስመዝ ከጥቂት ቆርቆሮ ጋር ተቀይጦ እፍጋቱ 9.6 ያህል ሲሆን ልስላሴው ለአሮጌ ጠመንጃዎች ይስማማል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። የተንግስተን ቅይጦች ከእርሳስም ሊከብዱ ይችላሉ፤ እነርሱም እጅግ ውድ ናቸው። ዚንክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል፦ እርሳስ ባይሆንም ለዳክዬዎች መርዛማ መሆኑ ተረጋግጧል። በአሜሪካ ለውሃ ወፎች አደን የሚውል አዲስ እንክብል መርዛማ አለመሆኑ ተፈትኖ መጽደቅ ያለበት ለዚህ ነው።

የምርጫው ሥርዓት

ከዚህ ሁሉ ጠንቃቃ ሰው የሚከተለው ቅደም ተከተል ይወጣል።

በመጀመሪያ የሚመረጠው ዓላማው ነው። ለሸክላ ዒላማ ጥቃቅን እንክብልና ቀላል ጭነት ይበቃል፤ በኦሊምፒክ ውድድሮች የተፈቀደው ጭነት 24 ግራም ያህል ነው። ቀጥሎ ዓላማውና ሕጉ የሚፈቅዱት የእንክብል ማዕድን ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ግን ምርጫው የግለሰቡ መሆኑ ያበቃል። የባሩድ አምራቾች በቤተ ሙከራ ግፊቱን ለክተው የሚያሳትሟቸው ሠንጠረዦች ቀልሃውን፣ ማቀጣጠያውን፣ ባሩዱን ከነክብደቱ፣ ውታፉንና እንክብሉን በስም ለይተው ያስቀምጣሉ። ሠንጠረዡ እንደ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚነበብ ነው፤ አንዱን ቃል ነቅሎ በሌላ መተካት ትርጉሙን ያጠፋል። "ይህ ማቀጣጠያ አልቋልና ያንን ልጠቀም" የሚል ሰው ማንም ያልፈተነውን ጥይት ፊቱ አጠገብ ሊተኩስ ነው። በቤት ውስጥ ግፊትን የሚለካ መሣሪያ ስለሌለ ስሕተቱን የሚያውቀው ከተኩሱ በኋላ ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻም እርሳስን የሚነካ ሰው ዳክዬዋን የገደለው መርዝ ለእርሱም መርዝ መሆኑን አይዘነጋም። ማቀጣጠያዎችም ብዙውን ጊዜ የእርሳስ ውህድ ይይዛሉ። በሥራው ቦታ አለመብላት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አቧራውን በደረቁ አለመጥረግ፣ ከሁሉም በላይ ሕፃናትን ማራቅ ግዴታ ነው፤ የእርሳስ ጉዳት በሚያድግ አእምሮ ላይ ይበረታልና።

ለሳይንስ ተማሪ የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ከጠመንጃ ይሰፋል። ትናንት እንክብል ሲመረጥ የሚጠየቀው ምን ያህል እንደሚከብድና ምን ያህል እንደሚረክስ ነበር። ከተተኮሰ በኋላ የት እንደሚያርፍ የሚጠይቅ አልነበረም። ጥያቄው ሲጨመር መልሱ ተለወጠ፤ መልሱ ሲለወጥ ደግሞ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ እንደገና መታየት ነበረባቸው። መሐንዲስም፣ ኬሚስትም፣ ሐኪምም አንድን ነገር በሌላ ሲተካ ይኸው ሥርዓት ይጠብቀዋል።

ለአንባቢ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የ20 ጌጅ ቱቦ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር ነው?

2. እፍጋቱ 9.6 የሆነ የቢስመዝ ቅይጥ እኩል ክብደት ካለው እርሳስ ስንት እጥፍ ቦታ ይወስዳል?

3. 32 ግራም ጭነት በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ በሰከንድ 366 ሜትር ፍጥነት ላይ እንዲደርስ በ12 ጌጅ ቱቦ ውስጥ የሚያስፈልገው አማካይ ግፊት ስንት ነው? ሰበቃን ተዉት። ውጤቱን ከ79 ሜጋ ፓስካል ጋር አወዳድሩና ልዩነቱ ስለ ግፊቱ አነሣሥ ምን እንደሚነግራችሁ አስረዱ።

መልስ፦ 1) 15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። 2) 1.18 እጥፍ። 3) 11.4 ሜጋ ፓስካል ገደማ። የአማካዩ ግፊት ማነስ የሚያሳየው ከፍተኛው ግፊት የሚታየው ጭነቱ ገና ጉዞ ሲጀምር ለአጭር ጊዜ መሆኑን፣ ከዚያም ቱቦው በሚለቀው ቦታ ልክ ግፊቱ እየወረደ መሄዱን ነው።